ለድንቢጥ የተሰፋው ቀይ ቦርሳ

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የሥራ ባልደረባው ሻለቃ ነው። ሻለቃ ራሱ በጦር ሰፈር ደጃፍ እንኳ አልፎ የማያውቅ፣ ማዕረጉን በድምፁ ጉልበት ብቻ ያገኘ ሰው ነው። ሁለቱ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጀርባ ለጀርባ በተቀመጡ ሁለት የስፌት መኪናዎች ላይ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። ሻለቃ ሱሪ ሲያሳጥር በዓይኑ ይለካል። ሚሊሜትር ግን ለክቶ፣ ደግሞ ለክቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ ያሰመረውን እንደገና ካልለካ በቀር መቀስ አያነሣም። ደንበኛው ፊቱ ቆሞ ቢቁነጠነጥም አይቸኩልም።

«ከቆረጥኩት በኋላ ብትቆጣኝ ምን ላደርግልህ ነው?» ይላል።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ አለችው። ቀጭን፣ ለፍላፊ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ስለሆነች ድንቢጥ ትባላለች። ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ጉልበቱ የተላጠ ልጅ አልቅሶ፣ ታጥቦና ታሽጎ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። መምህርቷም ያደረገችው የሚገባውን ነበር፦ የርዳታ ሳጥኑን አወጣች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ቁስሉን አጠበች፣ ፕላስተር ለጠፈች፣ በዚያው ጓንት ባጠለቀ እጇም የልጅቱን እንባ ጠረገች። ብዙ ሳይቆይ የድንቢጥ ዓይኖች አብጠው ተከደኑ፤ አንገቷን ሽፍታ ወረረው፤ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። ሆስፒታል ያደረሳት፣ በአጋጣሚ ልጁን ሊያመጣ የመጣ የአንድ ሌላ ወላጅ መኪና ነው።

ሐኪሙ ለእናትና ለአባት ነገሩን ሳያድበሰብስ ነገራቸው። ልጅቱ የላቴክስ አለርጂ አለባት። ላቴክስ ማለት ከዛፍ ከሚገኝ ፈሳሽ የሚሠራ የተፈጥሮ ጎማ ነው፤ ጓንቱም፣ ፕላስተሩም፣ ፊኛውም፣ አንዳንዱ ላጲስም ከእርሱ ይሠራል። ሊገድላት የነበረው ርዳታው ነበር።

«ሙዝ ስትበላ አፏን ያሳክካታል?» ሲል ጠየቀ። «ይህ አለርጂ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ሙዝም አይስማማቸውም።»

እናቲቱ ባሏን ቀና ብላ አየችው። «ሙዝ አትወድም። እኛ እኮ ቅብጠት መስሎን...» አለችና ሳትጨርሰው ቀረች።

ድንቢጥ ድና ወደ ቤት ተመለሰች፤ ወደ ትምህርት ቤት ግን አልተመለሰችም። ርዕሰ መምህሩ አባቷን ቢሯቸው አስቀምጠው፣ «ልጅቷን አላባረርናትም» አሉት። «ለእሷ ብቻ የሚሆን የርዳታ ቦርሳ ይዘጋጅ። ላቴክስ የሚባል ነገር አይኑርበት። ሐኪሙ ያዘዘላት መርፌም ይኑርበት። መምህርቷም አጠቃቀሙን ትልመድ። ያን ጊዜ በደስታ እንቀበላታለን። እስከዚያ ድረስ ግን፣ አባቷ፣ እኔ ይህን ኃላፊነት አልችለውም።»

ሚሊሜትር አልተከራከረም። በርዕሰ መምህሩ ቦታ ቢሆን እርሱም ከዚህ የተለየ አይናገርም ነበር።

ልጅቱ ቤት መዋል ጀመረች። እናቲቱ ከዳቦ ቤት ሻጭነቷ ፈቃድ ወስዳ አብራት ዋለች፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤትም «መቼ ነው የምትመለሺው?» ማለት ጀመረ። ድንቢጥ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ቆማ፣ ቦርሳ ያዘሉ ልጆች በመንገዱ ሲያልፉ ታያለች። ከዚያ ዞራ ትራሶቿን ግድግዳ ሥር ትደረድርና ታስተምራቸዋለች፣ ትቆጣቸዋለች፣ አንዳንዱንም ከክፍል ታስወጣዋለች። አባትየው ይህን ባየ ቁጥር ቁርሱን ሳይጨርስ ይወጣል።

ፍለጋው ከመድኃኒት ቤት ወደ መድኃኒት ቤት አንከራተተው።

«ጓንት አለ?»

«ሞልቷል።»

«ከምን የተሠራ ነው?»

ሻጩ ሰውየውን ገላምጦ፣ «ከጓንት ነዋ!» አለው።

ሌላው ደግሞ ፊቱን ሳያዞር ሰማያዊ ጓንት ወርውሮለት፣ ሰማያዊ ከሆነ ላቴክስ የለበትም ብሎ አረጋገጠለት። ሚሊሜትር በአንድ ሰው ቃል የሚረካ ሰው አልነበረምና ያንኑ ጓንት ይዞ ወደ ሌላ ሄደ። በመጨረሻ፣ በአንድ ጎን መንገድ ላይ ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች አንዲት ኮስታራ ባለሙያ አገኘ። ሴትዮዋ የሰጣትን እሽግ አገላብጣ፣ መነጽሯን አውርዳ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አነበበችውና መለሰችለት።

«ይሄ ላቴክስ አለበት። ቀለም አይመኑ፤ ቀለሙ ማንንም አያድንም። እሽጉ ላይ ‹ከላቴክስ ነፃ› የሚል ጽሑፍ ካላዩ አይውሰዱ። ጽሑፍ ከሌለው ደግሞ እንዳለበት ይቁጠሩት።»

ሚሊሜትር ሌላ ቦታ መሄድ አቆመ። ሌላ ዓይነት ጓንት፣ ለዚህ አለርጂ የሚሆን ፕላስተር፣ የማይለጠጥ የጥጥ ፋሻ፣ የቁስል መሸፈኛ ጎዝ፣ የወረቀት ማጣበቂያ፣ ለማሳከክ የሚሰጥ ሽሮፕ፣ ሁሉንም በእርሷ እጅ አስመርምሮ ወሰደ። የቀረው አድሬናሊን የያዘው፣ ብዕር የሚመስለውና ጭን ላይ የሚወጋው መርፌ ነበር። እርሱ በትእዛዝ የሚመጣ ሆነ። ስትደውልለት ሥራውን ጥሎ እየሮጠ ሄደ።

«አንድ ብቻ ነው የተገኘው» አለችው። «ሁለት ቢሆን ደግ ነበር። ሁለተኛውን እየፈለግሁ ነው።»

ሻለቃ ይህን ሁሉ ሲያይ ከርሞ አንድ ቀን አላስችል አለው። «ስማ እንጂ፣ ሚስትህን ስታገባ እንኳ እንዲህ አላስመረመርክም!»

«ሚስቴ ባትስማማኝ እፈታታለሁ» አለ ሚሊሜትር ከመኪናው ቀና ሳይል። «ይሄ ካልተስማማ ልጄን ነው የምቀብራት።»

ሻለቃ ወደ መኪናው ዞረ። በዚያ ቀን ዘፈንም አላፏጨም።

የቦርሳውን ነገር ግን ሚሊሜትር ለሌላ ሰው ሊተው አልፈለገም። ተገዝተው የሚመጡትን ዓይቷቸዋል፤ ዚፓቸው የሚነክስ፣ ውስጣቸው ጉራንጉር፣ መርፌው ከታች መቀሱ ከላይ። መምህርቷ በድንጋጤ እጇን ስትከት በመጀመሪያው ልታገኘው ይገባል ብሎ ወሰነ። ቀይ ሸራ መረጠ። በላዩ ላይ የልጅቱን ስም፣ የአለርጂዋን ስምና የእርሱን ስልክ በነጭ ክር ጠለፈ። ውስጡን እያንዳንዱን ዕቃ ለክቶ ለእያንዳንዱ የራሱን መቀመጫ ሠራ፤ መርፌው መሐል፣ ጓንቱ በቀኝ፣ ሽሮፑ በግራ፣ ጎዙና ፋሻው ከላይ፣ መቀሱ ከታች። ዕቃውን ቆንጥጦ እንዲይዝ፣ ሲጎትቱት ደግሞ ወዲያው እንዲለቅ፣ መሳቢያውን ከፍቶ ሰፊውን ላስቲክ አወጣ፤ ሱሪ ወገብ ላይ የሚገባውን፣ ከክርና ከጥብጣብ ጋር የሚያስቀምጠውን። ከላስቲኩ የሠራቸውን ማቀፊያዎች አንድ በአንድ በድርብ ስፌት መታቸው። ሲጨርስ ቦርሳውን ከፍቶ፣ ዘቅዝቆ፣ አራገፈው። አንድም ነገር አልወደቀም።

«ይሄን ከፎቅ ብትወረውረው ሽሮፑ መውደቁን አይሰማም» አለ ሻለቃ።

ሚሊሜትር ልጁ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ለልምምድ ወደ ቤታቸው መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ከዚያ ረፋድ ወዲህ የድንቢጥን ወላጆች ዓይን ማየት ትፈራለች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቦርሳውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትከፍት ድንቢጥ አጠገቧ ዘላ ወጣች።

«እትዬ፣ እኔ ላሳይሽ! ይሄ ሲያሳክከኝ ነው። ይሄ መተንፈስ ሲያቅተኝ ነው፣ እግሬ ላይ። በልብሴ ላይም ይሆናል።»

«ጎበዝ! ይሄስ?»

«ይሄማ መቀስ ነው። መቀስ አታውቂም እንዴ?»

እናቲቱ ሳቀች። መቀሱ ግን ጠብቆ ተይዞ ነበርና የድንቢጥ ጣቶች አላወጡትም። ጎተተች፤ እንቢ አለ። ጎንበስ አለችና ማቀፊያውን በጥርሷ ይዛ እየለጠጠች አወጣችው። አባትየው ክንዱን አጣጥፎ በር ላይ ቆሞ በኩራት ያያታል። ስፌቱ አልተላቀቀም።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቱ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ታሽ ጀመር።

«አባዬ፣ አፌን እያሳከከኝ ነው።»

ከንፈሯ ዓይናቸው እያየ አበጠ። ቀጥሎ ያ ፉጨት መጣ። እናቲቱ «ወይኔ ልጄ!» ብላ ብድግ አለች። ሚሊሜትር መርፌውን ከመቀመጫው መዝዞ ይዞታል፤ ዕድሜውን ሁሉ መርፌ የያዘው እጁ ግን ከያዘበት አልነቃነቅ አለ። ከእጁ ነጥቃ፣ ክዳኑን አንሥታ፣ ከልጅቱ ጭን ላይ አጥብቃ የተጫነችው ያቺው ፈሪ መምህርት ናት። ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ሆስፒታል። ሐኪሞቹ ልጅቱ ድናለች፤ ምልክቱ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ግን እዚሁ ትደር አሉ።

ኮሪደሩ ላይ እናቲቱ ባሏን ክንዱን ይዛ አናወጠችው። «ከየት መጣ? ፊኛ የለ፣ ሙዝ የለ፣ ቤቱን አጥበነዋል። ምን ነካች? ንገረኝ እንጂ፣ ምን ነካች?»

«እኔ እንጃ።»

የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅቱ ከዚያ ቦርሳ ሌላ ምንም አልነካችም። ሊያድናት ከሰበሰበው ዕቃ ውስጥ አንዱ መርዟ ነው። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ ሁሉም ነው። እንደዚያ ከሆነ ልጁ እንደገና ወድቃ ስትደማ እንኳ ቁስሏን የሚጠርግ ሰው ምን እንደሚይዝ አያውቅም። ማልዶ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ መድኃኒት ቤቷ ሄደ፤ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች አልፎ ባንኮው ላይ ጣለው።

«ከነዚህ አንዱ ትናንት ልጄን ሊገድላት ነበር። የቱ እንደሆነ ንገሪኝ!»

 ባለሙያዋ አልተቆጣችም። መነጽሯን አወረደችና ዕቃዎቹን ከየማቀፊያቸው እያወጣች፣ እያነበበች፣ ባንኮው ላይ ደረደረች።

«ጓንቱ ንጹሕ ነው። ፕላስተሩም ንጹሕ ነው። ሽሮፑ፣ ክዳኑም...»

«ንጹሕ ነው ንጹሕ ነው አትበይኝ! ልጄ ሰማያዊ ሆና ነበር እኮ!»

«አባቴ፣ ዝም ብለው ይቁሙ» አለች። አሁን የቀረው ባዶው ቦርሳ ነበር። ጣቷን በአንደኛው ማቀፊያ ሥር አስገብታ ወደ ላይ ለጠጠችውና ለቀቀችው። ማቀፊያው ጧ ብሎ ሸራውን መታው።

«ይሄን ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ።»

መቀሱን አንሥታ ማቀፊያውን መሐሉ ላይ ቆረጠችና ወደ እርሱ ገፋችለት። ከተቆረጠው ጫፍ፣ በጨርቁ ክር መካከል፣ ቀጫጭን ነጫጭ ጅማቶች ብቅ ብለዋል። ሚሊሜትር እነዚህን ጅማቶች ያውቃቸዋል። ላስቲክ በቆረጠ ቁጥር ጫፉ ላይ ይታያሉ፤ በጥፍሩ እየጎተተ ይበጥሳቸዋል፤ ከሱሪው ላይም እንደ አቧራ ያራግፋቸዋል። ጓንት ሲፈራ፣ ፊኛ ሲፈራ፣ የጎማ ጫማ ሲፈራ ከርሟል። በእርሱ ቤት ላስቲክ የክር ዘመድ ነበርና በአእምሮው ከጨርቅ ጋር ተመድቦ ኖረ፤ አንዴም አውጥቶ ጎማ ነህ ወይ ብሎ አልጠየቀውም።

«ሁሉም እንዲህ አይደለም» አለች ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከሰው ሠራሽ የሚሠራም አለ። ይሄ ግን የተፈጥሮ ጎማ ይመስለኛል። እንዳለበት ይቁጠሩት። አፏ ነክቶታል?»

«በጥርሷ ነው የጎተተችው» አለና፣ «ልብሷስ? የሱሪዋን ወገብ የምሰፋው እኔ ነኝ» ሲል ጠየቀ።

«በጨርቅ ስለሚሸፈን ገላዋን እምብዛም አላገኘው ይሆናል። ወገቧ ላይ ቀይ መስመር አይታችሁ አታውቁም?»

አይተዋል። ሙቀት ነው ብለው ቅባት ቀብተውላታል።

ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ በእግሩ ሄደ። ለሚስቱ ኮሪደሩ ላይ፣ ምንም ሳያለዝብ ነገራት። 

«ፒጃማዋንም የሰፋኸው አንተ ነህ» አለች ሚስቱ።

«አዎ።»

«የልደቷን ቀሚስም።»

«አዎ። ስሚኝ፣ ቦርሳውን ሌላ ሰው ይስፋው። እኔ ከዚህ በኋላ ለሷ የሚሆን ነገር አልነካም። እጄን አላምነውም።»

«መምህርቷስ እጇን ታምነው ነበር?» አለችው ሚስቱ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምፅዋ ግን ምሕረት አልነበረውም። «ያቺን ልጅ በልባችን ገዳይ ብለናት አልነበር? ትናንት ታዲያ ማን ወጋላት? ሄደህ ፍታ። ልብሷንም፣ ቦርሳውንም፣ የሰፋኸውን ሁሉ ፍታው።»

ፈታ። በሱቁ ሳይሆን በቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በምላጭ፣ የገዛ ድርብ ስፌቱን እየተረተረ ላስቲኩን ሁሉ አወጣ። ሻለቃ ነገሩን የሰማ ዕለት ከመሳቢያው የላስቲኩን ጥቅል አንሥቶ ወደ ራሱ ጥግ ወሰደው።

«ወገብ፣ እጅጌ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ላስቲክ ያለበት ሥራ ሁሉ የኔ ነው። አንተ ኮት ስፋ። ካልጠፋ ሥራ!»

«አቧራውስ? ልብሴ ላይ ይዤው ብሄድስ?»

«እዚሁ ቀይር። እኔ ዞር እላለሁ፤ ምን ያለህ መስሎህ ነው የማይህ?»

ሚሊሜትር ከዚያ ወዲህ ሸሚዙን ሳይቀይርና እጁን ሳይታጠብ ሱቁን ዘግቶ አይሄድም። ቦርሳውንም አጥቦ፣ በላስቲኩ ፈንታ የጨርቅ ማሰሪያ ሠራለት፤ እያንዳንዱ ዕቃ በየቦታው በሁለት ቀጫጭን ክሮች ይታሰራል። ባለሙያዋ መርፌ አገኘችለት፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ነበሩ። ሸራውንና ክሩን ጭምር ሳይጠይቃት መረመረችለት።

ሁለተኛው ልምምድ ልጆች ከሄዱ በኋላ በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ሆነ። ድንቢጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ታወዛውዛለች። አባቷ ምንም እንዳትነካ አስጠንቅቋታል።

«እንበል አሁን ታመመች» አለ ሚሊሜትር። «ጀምሪ።»

መምህርቷ ቦርሳውን ከፈተች። ማሰሪያውን ሳበች፤ ጠበቀ። በሌላው ጫፍ ሳበች፤ ተቋጠረ። ጥፍሯን አስገባች። ዓይኗ ወደ ልጅቱ ሄደ፣ ተመለሰ። ሚሊሜትር ቋጠሮውን ያየዋል፤ ቀጥ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ እርሱ ራሱ የቋጠረው የሚያምር ቋጠሮ ነው። ልጁን ደግሞ ያያታል፤ ሳይታወቀው ከእርሷ ጋር እኩል መተንፈስ ጀምሯል።

«ቆይ አባቷ፣ አሁን ይፈታል፣ ትንሽ...»

«ስጪኝ!»

ቦርሳውን ቀምቷት ምላጩን ከኪሱ አወጣ። ማሰሪያዎቹን በሙሉ ከሥራቸው እየሸለተ መሬት ላይ ጣላቸው። በስፌት ቀዳዳ ወንፊት የመሰለው ሸራ ክሩ ተንጠልጥሎ ቀረ። መርፌዎቹን ከላይ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳገኘ ከታች ጨምሮ መለሰላት። ዕቃው ውስጡ ተንኮሻኮሸ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

«አሁን ሞክሪ።»

እጇን ከተተች፤ መርፌውን ይዛ ወጣች።

«እንደገና። ዓይንሽን ጨፍነሽ።»

አወጣች።

«እንደገና።»

«አባዬ፣ ትምህርቱ አልቋል» አለች ድንቢጥ። «እትዬ ደከማት።»

«እንደገና» አለ አባቷ።

ሰኞ ጠዋት ድንቢጥ ክፍሏ ገባች። ቦርሳው ከሰሌዳው ጎን፣ መምህርቷ እጇን ስትዘረጋ በምትደርስበት ምስማር ላይ ተሰቀለ። ርዕሰ መምህሩ ሚሊሜትርን በር ድረስ ሸኝተው፣ «እንግዲህ ወደ ሥራዎ ይሂዱ፤ እኛ አለን» አሉት። እጅ ነሥቶ ወጣ።

ወደ ሥራው ግን አልሄደም። አጥሩን ዞሮ በክፍሉ መስኮት ትይዩ ከግንቡ ተጠግቶ ቆመ። ላስቲኩን ሳያውቅ ኖረ፤ እንግዲህ ያላወቀው ሌላ ምን አለ? የወንበሩ እግር፣ የኳሱ ቆዳ፣ ጓደኛዋ ደብተሯ ላይ የምታጠፋበት ላጲስ፣ ከእርሷ ጋር ቁርሱን የሚካፈል ልጅ። እየቆጠረ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበታል። ውስጥ ልጆቹ መምህርቷን ተከትለው ፊደል ይጮኻሉ፤ የሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ይወጣል። ሚሊሜትር ጆሮውን ወደ ግንቡ አስጠግቶ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት የልጁን ድምፅ ለይቶ ለመስማት ይታገላል። የሰማ ይመስለዋል፤ መልሶ ይጠፋበታል፤ ትንፋሹን ውጦ እንደገና ያዳምጣል።